«ፍቅር ልቤ»፦ እስራኤል አንድ ጊዜ በአማርኛ ስም የመረጠችው ዘፈን

 

በየዓመቱ በብርዱ ወራት በየቤታችሁ አንድ ነገር ታያላችሁ። ልጆች ሳሎን ይሰበሰባሉ፣ ስልካቸውን ይዘው ቴሌቪዥን ላይ ለሚዘፍን ሰው ድምፅ ይሰጣሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። «ምንድን ነው ይሄ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ኤሮቪዝዮን ነው» ይሏችኋል። ብዙዎቻችሁም «የልጆች ጨዋታ ነው» ብላችሁ ወደ ጉዳያችሁ ትሄዳላችሁ። አይፈረድባችሁም። ዛሬ ግን ስለዚህ ነገር ታሪክ ልንጽፍላችሁ ወደድን፤ ምክንያቱም ታሪኩ ውስጥ እኛም አለንበት። በ2020 የእስራኤል ሕዝብ አገሩን ወክሎ አውሮፓ እንዲሄድ የመረጠው ዘፈን ስሙ አማርኛ ነበር፦ «ፍቅር ልቤ»። ያ ዘፈን ግን እዚያ መድረክ ላይ አልተዘፈነም። ከዚያ በፊት ምን መንገድ እንደተሄደ፣ ለምን እንደቀረ፣ ለእኛም ቤት ምን እንደሚነግረን እንመልከት።

መጀመሪያ ውድድሩ ምን እንደሆነ እናስረዳ። ዩሮቪዥን በአውሮፓ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማኅበር የሚዘጋጅ የዘፈን ውድድር ነው። በ1956 በስዊዘርላንድ፣ ሉጋኖ በምትባል ከተማ ሲጀመር የተወዳደሩት 7 አገሮች ብቻ ነበሩ። «እስራኤል አውሮፓ ውስጥ አይደለችም፤ ታዲያ እንዴት ገባች?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ማኅበሩ የጣቢያዎች ማኅበር ነው፤ የእስራኤል የሕዝብ ጣቢያም አባል ስለሆነ ይወዳደራል። በ2017 የድሮው የብሮድካስት ባለሥልጣን ተዘግቶ በምትኩ «ካን» የሚባለው ጣቢያ ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ የያዘው ካን ነው። ካን ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በአማርኛና በትግርኛ ዜና የምታዳምጡት ሬዲዮ ሬካ የእሱ ነው። ስለዚህ እናንተ በሬዲዮ የምታዳምጡትና ዩሮቪዥን ላይ የሚወዳደረው ጣቢያ አንድ ነው።

እስራኤል ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረችው በ1973 ነው፤ የዘፈነችውም ኢላኒት ናት። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ተወካይዋን የምትመርጥበት መንገድ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አንዳንድ ጊዜ ጣቢያው ራሱ ዘፋኙን ይሰይማል። ለብዙ ዓመታት ደግሞ «ቅዳም ኤሮቪዝዮን» የሚባል ውድድር ነበር፤ ዘፋኞች እያንዳንዳቸው ዘፈናቸውን ይዘው ይቀርባሉ፣ አንዱ ያሸንፋል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ «ሀኮኻቭ ሀባ» በሚባለው የቴሌቪዥን ውድድር መምረጥ ተጀመረ። እዚያ ዘፋኙ ከአንድ ትልቅ ግድግዳ ኋላ ቆሞ ይዘፍናል፤ ተመልካቹ በስልኩ፣ ዳኞችም በቦታቸው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምፁ ሲበቃ ግድግዳው ይነሳል። ልጆቻችሁ ስልካቸውን ይዘው የሚጮሁት ለዚህ ነው። በዚህ መንገድ መጀመሪያ ሰው ይመረጣል፤ ዘፈኑ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሌላም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ እሱም የቋንቋ ደንብ ነው። ከ1966 እስከ 1972፣ እንደገናም ከ1977 እስከ 1998 በውድድሩ ውስጥ እያንዳንዱ አገር በራሱ ብሔራዊ ቋንቋ ብቻ እንዲዘፍን ይገደድ ነበር። ከ1999 ጀምሮ ግን ማንም በፈለገው ቋንቋ መዝፈን ይችላል። እንግዲህ በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን በመጣንባቸው ዓመታት እስራኤል አማርኛ ያለበት ዘፈን ልላክ ብትል እንኳ ደንቡ አይፈቅድላትም ነበር።

በዚያ ደንብ ዘመን ከእኛ በፊት የመጡ ወንድሞቻችን ምን ሆኑ? የየመን አይሁዶችን ታሪክ እንይ። በ1978 ፓሪስ ላይ እስራኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ስታሸንፍ የዘፈነው ይዝሃር ኮሄን ነው፤ ቤተሰቡ ከየመን የመጣ ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1979፣ ኢየሩሳሌም ላይ «ሃሌሉያ» በሚለው ዘፈን ሲታሸነፍ መሐል ቆማ የዘፈነችው ጋሊ አታሪም የየመን ልጅ ናት። በ1983 ደግሞ በጀርመን፣ ሙኒክ ከተማ፣ ዖፍራ ሀዛ ሁለተኛ ወጣች። እሷም በቴል አቪቭ ሀቲቅቫ ሰፈር በድህነት ያደገች የየመን ስደተኞች ልጅ ናት። ሦስቱም የዘፈኑት በዕብራይስጥ ነው። ፊታቸው የየመን፣ ቋንቋቸው ግን ሁሉም የሚጋራው የአገሩ ቋንቋ ነበር።

የዖፍራ ሀዛ ታሪክ ግን በዚያ አላቆመም። ከሙኒክ በኋላ የወላጆቿን የየመን መዝሙሮች ሰብስባ አንድ አልበም አወጣች። ከውስጡ አንዱ በ17ኛው መቶ ዘመን የየመን አይሁዶች ገጣሚ ራቢ ሻሎም ሻባዚ የጻፉት ነው። ያ መዝሙር በ1988 በአውሮፓ ጭፈራ ቤቶችና ሬዲዮ ጣቢያዎች ሁሉ ተሰማ፤ በጀርመን አንደኛ ወጣ። ዓለም ዖፍራን በሰፊው ያወቃት በዚህ ነው። አያቶቿ በሰንበት ገበታ ላይ የሚዘምሩት ዓይነት መዝሙር አገር ከላከው ዘፈን ርቆ ሄደ ማለት ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ግን መዝሙሩ በቤት ውስጥ ስለቆየላት ነው። ቤት ውስጥ ባይቆያት ኖሮ ከየት ታመጣው ነበር?

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በልጅነታችን ከመጣን ሰዎች ብዙዎቻችን ያደግነው በፕኒሚያ ነው። ወላጆቻችን በመርካዝ ክሊታ፣ እኛ በአዳሪ ትምህርት ቤት። ቅዳሜ እየቆጠርን ነበር የምንገናኘው። በዚያ ዘመን ብዙ ወላጅ «ልጁ ዕብራይስጥ እንዲለምድ በአማርኛ አታናግሩት» እየተባለ ተመክሯል። ሰውም የሰጡትን ምክር በቅን ልቦና ተቀብሎ አደረገው። ይሁን እንጂ በየፕኒሚያው ሁልጊዜ ጥቂት ልጆች አይጠፉም ነበር፤ ካሴት በትራሳቸው ሥር ይዘው የሚያድሩ፣ ማታ ማታ የማሕሙድ አሕመድን፣ የአስቴር አወቀን ድምፅ ቀስ አድርገው የሚከፍቱ። ሌላው ልጅ «ፈረንጅ» ለመምሰል ሲጣደፍ እነሱ ካሴታቸውን አልጣሉም።

ከእነዚህ ካሴቶች አንድ ታሪክ ወጣ። ዒዳን ራይኸል የሚባል ወጣት ሙዚቀኛ ከዝናው በፊት አዲስ መጤ ልጆች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት አስተባባሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። የኢትዮጵያን ሙዚቃ ያወቀው እዚያ፣ ከእኛው ልጆች ነው። ከዚያ በኋላ እኛ ወገኖች ወደምንዘፍንባቸው የቴል አቪቭ ቤቶች እየሄደ አዳመጠ። በ2002 የወጣው ሥራው ዕብራይስጥና አማርኛ የተቀላቀለበት ነበር፤ በእስራኤል ሬዲዮም ያለማቋረጥ ይሰማ ጀመር። አብረውት ከዘፈኑት መካከል ካብራ ካሳይ ትገኛለች፤ ቤተሰቧ በሱዳን በኩል ሲመጣ በመጠለያ ካምፕ የተወለደች ልጅ። በአውቶቡስ ስንሄድ ሾፌሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ከሬዲዮው የሚወጣው አማርኛ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የነበረ ሰው ስሜቱን ያስታውሰዋል። እስከዚያ ድረስ በአውቶቡስ ውስጥ አማርኛ ስናወራ ድምፃችንን የምንቀንስ ነበርን።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እየሰፋ መጣ። በ2011 የስዴሮት ልጅ ሀጊት ያሶ «ኮኻቭ ኖላድ» የሚባለውን ትልቁን የዘፈን ውድድር በሕዝብ ድምፅ አሸነፈች። የእኛዋ ነታንያም አልቦዘነችም። በ2013 የእስራኤል ቆንጆ ተብላ የተመረጠችው ይትይሽ አይነው ጎንደር ተወልዳ ነታንያ ያደገች ናት። ዘፋኟ አስቴር ራዳም በልጅነቷ ወደ ነታንያ መጥታ እዚሁ ነው ያደገችው። ይህን የምንጽፈው ልንኩራራ አይደለም፤ ልጆቻችን «ከእኛ ሰፈር ምን ይወጣል?» ሲሉ መልስ እንዲኖራችሁ ነው።

አሁን ወደ ኤደን አለነ ታሪክ ደረስን። ኤደን በ2000 ኢየሩሳሌም ተወለደች። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው፤ ያሳደገቻት እናቷ ብቻዋን ናት፤ በኋላም ወደ ቅርያት ጋት ሄዱ። በ2018 «ኤክስ ፋክተር» የሚባለውን ውድድር አሸነፈች። ቀጥሎ ወደ ሀኮኻቭ ሀባ ገባችና የካቲት 4 ቀን 2020 አንደኛ ወጣች። በዩሮቪዥን እስራኤልን እንድትወክል የተመረጠች የመጀመሪያዋ የቤተ እስራኤል ልጅ ሆነች።

ያ ምርጫ የሆነበትን ጊዜ አንርሳ። ሰባት ወር ብቻ ነው ወደ ኋላ የምንሄደው። በሰኔ 2019 መጨረሻ ሰሎሞን ተካ በቅርያት ሐይም ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ወጣቶቻችን በመላ አገሪቱ መንገድ ዘጉ፣ አለቀሱ፣ ጮኹ። እናቶች ወንድ ልጆቻቸው ማታ ሲወጡ እንቅልፍ አጡ። ያን በጋ «ይህች አገር ታየናለች ወይ?» ያላለ ቤት የለም። በዚያው ዓመት ብርድ ወራት ያው ሕዝብ ስልኩን አንሥቶ ኤደንን መረጠ። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። የዘፈን ድምፅ ፍርድ ቤት አይደለም፤ የሞተን አይመልስም፣ ፖሊስን አያርምም። ግን ከንቱ ነገርም አይደለም፤ ሕዝብ ለአንድ ምሽትም ቢሆን «ስለ እኔ የምትናገረው ይቺ ልጅ ናት» ማለቱ ነውና።

ዘፋኟ ከተመረጠች በኋላ የዘፈኑ ተራ ደረሰ። አራት ዘፈኖች ቀረቡ፤ አራቱንም ኤደን ዘፈነች። መጋቢት 3 ቀን 2020 ነበር፤ አገሩ ሁሉ ከአንድ ቀን በፊት የክኔሴት ምርጫ መርጦ የደከመበት ምሽት። ያሸነፈው «ፍቅር ልቤ» ነው። የጻፉት ዶሮን ሜዳሊ እና ያው ዒዳን ራይኸል ናቸው። አያችሁ? በፕኒሚያ ካሴት የከፈቱት ልጆች ስማቸው የትም አልተጻፈም፤ ያስተላለፉት ግን እዚህ ድረስ ደረሰ። ዘፈኑ አብዛኛው እንግሊዝኛ ሆኖ በመሐሉ አማርኛ፣ ዕብራይስጥና ዓረብኛ አለበት።

አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ስሙን ሲሰሙ ሳቅ አሉ። «ፍቅር ልቤ ምን ማለት ነው? የልቤ ፍቅር ነው የሚባለው፤ አለዚያም ፍቅሬ፣ ልቤ» አሉ። ልክ ናችሁ፤ ጎንደሬ እንደዚያ አይልም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። «ልቤ» የሚለውን የእስራኤል ልጅ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። በዕብራይስጥ ልብ «ሌቭ» ነው፤ ልቤ ለማለት «ሊቢ» ይላሉ። በትግርኛ «ልበይ» ነው፣ ቄሶቻችን በሚጸልዩበት በግዕዝ ደግሞ «ልብየ»። ከዓረብኛውም ቢሆን ልብ የሚባለውን «ቀልብ»ን ተውሰን «ቀልቤን ሳበው» እንላለን። እነዚህ ቋንቋዎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እንግዲህ ያ ቃል ከዕብራይስጡ ጋር የተገናኘው ዘፈኑ ስላገናኘው አይደለም፤ ድሮም ዘመዳሞች ናቸው። ልጆቻችን «አማርኛ ምን ያደርግልኛል?» ሲሉ ከዚህች ቃል መጀመር ይቻላል።

በዚያ ሳምንት በብዙ ቤት የሆነ ነገር ነበር። ልጆች ወደ ወላጆቻቸውና ወደ አያቶቻቸው መጥተው «ፍቅር ምንድን ነው? ልቤ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ስንት ዓመት ልጅ አስተርጓሚ፣ ወላጅ ተርጓሚ ፈላጊ ሆኖ በኖረበት ቤት፣ ለአንድ ጊዜ ልጁ ጠያቂ፣ ወላጁ አዋቂ ሆነ።

ከዚያስ? ዘፈኑ በተመረጠ በሁለት ሳምንት፣ መጋቢት 18 ቀን 2020፣ በኮሮና ምክንያት በኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም ሊደረግ የነበረው ውድድር ተሰረዘ። ውድድሩ ከተጀመረበት ከ1956 ወዲህ ሲሰረዝ ያ የመጀመሪያው ነው። አዘጋጆቹም ለ2020 የተመረጡት ዘፈኖች ለሚቀጥለው ዓመት እንዳይቀርቡ ወሰኑ። ዘፋኙ መመለስ ይችላል፤ ዘፈኑ ግን አይችልም።

ካን ኤደንን አልለወጣትም። ጥር 2021 ላይ ሌሎች አዳዲስ ዘፈኖች ቀረቡላትና ሕዝቡ መረጠ። ያሸነፈው «ሴት ሚ ፍሪ» ነው፤ በአማርኛ ብንለው «ነፃ አድርገኝ» እንደማለት ነው። ግንቦት 18 ቀን 2021 ኤደን በሮተርዳም መድረክ ቆመች፣ ወደ ፍጻሜው አለፈች፤ በ22ኛው ቀን ከ26 ተወዳዳሪዎች 17ኛ ሆና በ93 ነጥብ ጨረሰች። በዚያ ዘፈን መጨረሻ ላይ እንደ ወፍ ፉጨት የወጣችው ቀጭን ድምፅ በውድድሩ ታሪክ ከተሰማው ሁሉ ከፍተኛው ተብሎላታል። አገር ቤት በዚያ ሳምንት ሮኬት ይወርድ ነበር፤ ተኩስ ያቆመው ከፍጻሜው አንድ ቀን በፊት ነው። ልጅቱ ይህን ሁሉ ተሸክማ ቆማ ዘፈነች። ክብር ይገባታል።

አሁን ከላይ «ልብ በሉልን» ያልነው ላይ እንመለስ። በዚህ አገር አሠራር ሰው መምረጥና ዘፈን መምረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2020 እስራኤል ሁለቱንም መረጠች፤ የእኛን ልጅም፣ የእኛን ቃልም። በ2021 ልጅቷ ደረሰች፣ ቃሉ ቀረ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ በሽታ መጣ፣ ደንብ ወጣ፣ ሌላ ዘፈን ተመረጠ። ቋንቋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው እንደዚህ ነው። ሰው ከልክሎት ብቻ አይጠፋም። ሰዎቹ ይደርሳሉ፣ ቋንቋው መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህ ለእኛ ለቤተ እስራኤል አዲስ አይደለም። ከእናንተ ታላላቆቹ ያስታውሳሉ፤ የቀደሙት አያቶቻችን የሚናገሩት አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ አልነበረም። በቋራና በሌሎች አካባቢዎች የአገው ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ ቋረኛ እንለዋለን። ቀስ በቀስ በገበያ፣ በሥራ፣ በጉርብትና አማርኛው በረታ፣ ቋረኛው ከቤት ወጣ። ዛሬ የት ይገኛል? በጸሎት ውስጥ። በቄሶቻችን ጸሎት ከግዕዙ መሐል የአገው ቋንቋ ክፍሎች አሉ፤ ከልባቸው የሚጸልዩት ብዙዎች ግን የቃል በቃል ትርጉሙን አያውቁትም። ጸሎቱ ቅዱስ ነው፤ የተጠበቀልንም በቄሶቻችን ብርታት ነው። ግን በዚያ ቋንቋ ልጁን «ና ብላ» የሚል እናት ዛሬ በመካከላችን የለችም። አማርኛና ትግርኛችንም ሁለት ቃል ዘፈን ውስጥ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አንፈልግም።

እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ጉዳዩን ከዘፈን ባሻገር እናየዋለን። ሽማግሌ አባት ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፤ የልጅ ልጃቸው ለማስተርጎም አብሯቸው ይገባል። «ልቤ አዝኗል» ይላሉ። ልጁ የሚያውቀው አማርኛ ጥቂት ስለሆነ «ልቡን ያመዋል» ብሎ ይነግረዋል። ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዝዛል። ምርመራው «ጤነኛ ነው» ይላል። ሰውየው ግን የሞተባቸው ወንድም፣ አገር ቤት የቀረ ዘመድ፣ ብቻውን የሚታገል ልጅ አለባቸው፤ የተናገሩት ስለዚያ ነበር። «ሆዴ ባባ» ስትሉም እንዲሁ፣ የሆድ ሐኪም ይፈለግላችኋል። በእኛ ቋንቋ ኀዘን ያለው ልብና ሆድ ውስጥ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ የአያቱን ቃል ይተረጉማል እንጂ ችግራቸውን አያደርስም።

በሌላ በኩል ልጁም እንዲሁ ይጎዳል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቢከፋው ለእናቱ በምን ቋንቋ ይነግራታል? የእሱ ዕብራይስጥ ፈጣን ነው፣ የእሷ ዕብራይስጥ የገበያ ነው። የእሷ አማርኛ ሰፊ ነው፣ የእሱ አማርኛ «እሺ» እና «ውሃ ስጪኝ» ነው። በመካከላቸው ፍቅር አለ፣ መነጋገሪያው ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ ዝም ይባባላሉ። ዝምታውን ወላጅ «ንቀት»፣ ልጅ «አይገባቸውም» ብሎ ይተረጉመዋል። ብዙ ቤት የሚታመመው በዚህ ነው።

ስለዚህ ውድ ወላጆቻችን፣ ጥቂት ነገር ልንለምናችሁ እንወዳለን።

አንደኛ፣ በቤታችሁ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያለ ሐፍረት ተናገሩ። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገየውም፤ የልጅ ጭንቅላት ሁለትም ሦስትም ይይዛል። ዕብራይስጡን ከጎረቤት፣ ከጋን፣ ከትምህርት ቤት ያገኘዋል። የእናንተን ቋንቋ ግን ከእናንተ በቀር የሚሰጠው የለም። በዕብራይስጥ ቢመልስላችሁም አትቁሙ፤ መስማቱ ራሱ ዘር ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ ይበቅላል።

ሁለተኛ፣ ልጁ ሲሳሳት አትሳቁበት። «ፍቅር ልቤ» እንኳ እንደ ጎንደር አነጋገር አልተባለም፤ ግን አገር ምድሩ ደገመው። የልጅ የተሰበረ አማርኛ ከዝም ያለ ልጅ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቃል ከቃል እያገናኛችሁ ንገሯቸው። ልብና ሌቭ፣ ሰላምና ሻሎም፣ ቤትና ባይት፣ ራስና ሮሽ፣ ዓይንና ዐይን። ልጁ «ይሄማ አውቀዋለሁ!» ሲል ፊቱን እዩት።

አራተኛ፣ ስልክ አላችሁና ድምፃችሁን አስቀዱ። የሰርግ ዘፈኑን፣ እንጉርጉሮውን፣ ሕፃን የምታስተኙበትን እሹሩሩ፣ የመንደራችሁን ስም፣ ሱዳንን የተሻገራችሁበትን መንገድ። ዖፍራ ሀዛ ከቤት ያገኘችውን ዓይነት ስንቅ ልጆቻችን ከእናንተ ያገኛሉ። ዘፋኝ ባይሆኑ እንኳ ሰው ይሆኑበታል።

አምስተኛ፣ ሐኪም ቤት፣ ቢቱአሕ ለኡሚ ወይም ትምህርት ቤት ስትሄዱ ትንሽ ልጅ እንዲያስተረጉምላችሁ አታስገድዱት፤ አዋቂ አስተርጓሚ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ልጁ ቋንቋችሁን በፍቅር ይማረው፤ የእናንተን ጭንቀት በመሸከም አይማረው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ብርድ ወራት ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ሳሎን ሲሰበሰቡ ወደ ጓዳ አትሂዱ። ቡናችሁን አፍሉና አጠገባቸው ተቀመጡ። «ማን ነው ያሸነፈው? ስለ ምን ይዘፍናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥላችሁም እንዲህ በሏቸው፦ «አንድ ዓመት ይህች አገር በእኛ ቋንቋ ስም ያለው ዘፈን መርጣ ነበር፤ ታውቃላችሁ?» አብዛኞቹ ያኔ ትንንሾች ስለነበሩ ላያውቁት ይችላሉ። ታሪኩን ከእናንተ ይስሙት፤ ቢቻል በአማርኛ፣ ቢቻል በትግርኛ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ የልባችሁን የሚሰሙ ያድርግላችሁ። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ሽማግሌ ካወቃችሁ፣ እባካችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት።

ሰላም ሰንብቱ!